ለአራሷ የመጣው ወተት

በሩ ሲከፈት ውስጥ ሕፃን እያለቀሰ ነበር። ከኋላዬ የቆመው ፖሊስ «ግቢ» ሲለኝ ክፍል የተሳሳተ መስሎኝ ዞሬ አየሁት። ከሁለት ሰዓት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ እያስተማርኩ ነበር፤ የጠመኔው ብናኝ ገና ከጣቶቼ አልለቀቀም። ጥፋቴ አንድ ወረቀት ላይ መፈረሜ ነው። የአካባቢያችንን የመዋቅር ጥያቄ ለበላይ አካል የሚያቀርብ፣ ብዙ ሰው የፈረመበት ወረቀት ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም፤ የፈረመው ሁሉ የየራሱ ወሬ አለው።

ያሰሩኝ ጊቢ ሆሳዕና ውስጥ ነው። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አልቀረም፤ ግድግዳውን ሲደገፉት ልብስ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ይቀራል። እኔን ጨምሮ ስምንት ሴቶች ነበርን። ስድስት ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ ከፍ ያለች አንዲት መስኮት። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም። የልጁ ለቅሶ ግን ዝናቡንም አልፎ ይሰማ ነበር።

እናቱ ከዶዮገና ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች ናት፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እሷ ምንም አልፈረመችም። የፈለጉት ባሏን ነበር፤ እሱን ሲያጡት እሷን ይዘው መጡ። ልጁ እኔ ስገባ ሁለት ወሩን ሊደፍን ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ያለቅሳል ማለት ብቻ አይበቃም። ጠብቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ፊቱ ይቀላል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይንቆራጠጣል።

«ቁርጠት ነው» አለችኝ አጠገቤ የነበረችው ሴት፣ ገና ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳትጠይቀኝ። ወላጆቿ ከጉራጌ መጥተው ሆሳዕና የቀሩ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ ገበያው ውስጥ ቅቤ የምትሸጥ፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ወረቀቱ የተፈረመው በሱቋ በረንዳ ላይ ስለሆነ ታሰረች። ሁላችንም እትዬ እንላታለን።

እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪ ስትሆን ሰው የጠየቀህን ብቻ ሳይሆን ያልጠየቀህንም ትመልሳለህ። በነጋታው ጠዋት አራሷን አስቀምጬ ምን ምን እንደምትበላ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ዱራሜ ነው ያደግሁት፤ ከእሷ ጋር በከምባትኛ ነበር የምናወራው። ከየቤታችን የሚመጣልንን ምግብ አንድ ላይ ዘርግተን ስለምንበላ የምትበላውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ጥቅል ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ።

«ይሄ ሁሉ እኮ ጋዝ ነው» አልኳት። «የምትበዪው በደምሽ አልፎ ወተትሽ ውስጥ ይገባል። ሽሮውን ተዪ። ጎመኑን ተዪ። በርበሬ የነካውን ሁሉ ተዪ።»

«ታዲያ ምን ልብላ፣ ቲቸር?»

«ወተት። አይብ። ቡላ በወተት። ለአራስ የሚሆነው እሱ ነው።»

እሺ አለች። አንድም ጥያቄ አልጨመረችም። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢሰሙኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ወሬው በምግብ ሰዓት ከበሩ ወጣ። ውስጥ አራስ አለች፣ ወተት ነው የምትፈልገው ተባለ። በእኛ አገር ይህን ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ቤተሰብ የለም። የስምንታችንም ቤት ወተት መላክ ጀመረ። አንዱ እርጎ፣ አንዱ አይብ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፤ ከሀዲያ ቤተሰቦች አንዱማ በቡላና በቅቤ የሚሠራውን አትካና፣ የበዓሉን ምግብ፣ በትልቅ ሳህን አስላከ። የማያውቁን ሰዎች ጭምር «ለአራሷ» እያሉ ፔርሙዝ ያስቀምጡ ነበር። የአራሷ አማት በየሦስት ቀኑ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ እስከ መኪና መንገዱ በእግራቸው፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ የራሳቸውን ላም ወተት በትንሽ ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። አራሷም የመጣላትን ሁሉ ትጠጣለች፤ ማን እምቢ ይላል።

ልጁ ባሰበት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የጊቢው ኃላፊ ከጤና ጣቢያ ነርስ አስመጣ። ነርሷ ልጁን መዘነችው፣ ካርዱን አየች፣ ፊቷን አኮማተረች። ካለፈው ምዘና ወዲህ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልጨመረም። «እናትየዋ ምን ትበላለች?» ብላ ስትጠይቅ ከአራሷ አፍ ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሽሮ እንዳስተውኳት፣ ጎመን እንዳስተውኳት፣ በርበሬ እንደማታይ። ስለ ወተቱ አላነሳሁም፤ ጥሩ ነገር ማን ይናገራል። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ከጎኗ ስለቆመ ነርሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመልሼ እመዝነዋለሁ አለች።

ኃላፊው ነርሷ ከወጣች በኋላ ቀረ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ልጁ እዚህ አልተስማማውም» አላት። «የዛሬ አሥራ አምስት ካልጨመረ ለአያቱ ይሰጣል። እስከዚያ ባልሽ ያለበትን ከነገርሽኝ ግን ሁለታችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ። እኔም እናት አለችኝ።»

አማርኛዋ ብዙ ስላልሆነ ደግሜ በከምባትኛ ነገርኳት። ቢገባትም አስደገመችኝ። ከዚያ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ልጁን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ በዝግታ እንዲህ አለችኝ፤ «የት እንዳለ አውቃለሁ። እስካሁን አልተናገርኩም። ልጁን ከወሰዱብኝ ግን እናገራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

አይዞሽ ማለት ቀላል ነው። እኔ ልጅ የለኝም፤ እኔ የፈረምኩት አንድ ወረቀት ነው። ደግሞ ልጁ ለአያቱ ቢሰጥ ምን ሊጠባ ነው ብዬ አሰብኩ።

የጨርቅ ማጠብ ተራ ነበረን። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ቧንቧው ያስወጡናል፤ ተረኛዋ የልጁን ጨርቆች ታጥባለች። ነርሷ በመጣች ማግስት ተራው የእትዬ ነበር። አንዱን ጨርቅ ወደ ፀሐይ ዞር አድርጋ ብዙ አየችው፤ ከዚያ በእጇ ጠራችኝ። ንፍጥ የመሰለ ነገር አለበት፤ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ደም።

«ሦስተኛው ልጄ እንዲህ ነበር» አለች። «ይሄ ከወተት ነው።»

«ከእናቱ ወተት?»

«ከላም። እሷ ከምትጠጣው። ያኔ ሐኪሙ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ ሁሉንም ተዪ አለኝ። ቅቤ እየሸጥኩ ቅቤ ሳልቀምስ ስንት ወር ከረምኩ መሰለሽ።»

ቱግ አልኩ። «ወተት እንዴት ሆኖ ነው? ልጁን ያቆየው እሱ አይደል እንዴ።»

«ሽሮውን ካስተውሻት ስንት ቀን ሆነ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ተሻለው?»

እትዬ ጨርቁን መልሳ ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ አልሳቀችብኝም። የምትበዪው ወተትሽ ውስጥ ይገባል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለሽሮ ሲሆን አመንኩት፣ ለላም ወተት ሲሆን አላመንኩትም። በእኛ ቤት ወተት ተከሶ አያውቅም፤ ጥፋት ሲፈለግ ሁልጊዜ የሚጠረጠረው ሽሮ ነው። ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት አስተምሬ በአንድ ጨርቅ የተረታሁት።

ገብተን ለአራሷ ነገርናት። እትዬ በአማርኛ፣ እኔ በከምባትኛ። እርግጠኛ እንዳልሆንን፣ ልጁም ቢሻለው ቀናት እንደሚወስድ ሳንደብቅ ነገርናት። እስከ መጨረሻው ሰማችንና የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አማቴን ማን ይነግራታል?»

የክፍሉ ተጠሪ እኔ ነበርኩ፤ በር ላይ ምግብ የምቀበለው እኔ ነኝ። በማግስቱ አማትየው ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ፖሊሱ መሐላችን እንደቆመ «እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወተት አያምጡ» አልኳቸው።

«አልጠጣም አለች?»

«ልጁን የሚያመው እሱ ሳይሆን አይቀርም። በእሷ በኩል እያለፈ።»

ጀሪካኗን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሯት። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነበር። «እንግዲህ ያሳመምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሌላውን ሁሉ አስትቼ ወተት ጠጪ ያልኳት እኔ ነኝ።» መርማሪው ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ቀና ብዬ መልሻለሁ፤ እዚያ በር ላይ ግን ጀሪካኗን እያየሁ ነበር የማወራው።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ለአራስ ቅቤ ያልነካው ቆጮ አምጥቼ ሰው ምን ይለኛል?» ብቻ አሉ። ነገሩ ገብቶኛል። ምራቷን ያለ ቅቤ የምታበላ አማት በእኛ አገር ስም ይወጣላታል፤ ገበያ ላይ ይወራባታል፣ ቸርች ውስጥ ይጸለይላታል። ወተቱን ለጥበቃዎቹ ሰጥተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን መሶቡን በኮባ ቅጠል ግጥም አድርገው ሸፍነው መጡ። ስገልጠው ድንች፣ ቆጮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ሽሮ። የከለከልኩት ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ።

«ለጎረቤት ምን አሏቸው?»

«ሐኪም አዘዘ አልኳቸው።»

«ሐኪም እኮ አላዘዘም፣ እናቴ።»

«አንቺ ቲቸር ነሽ። ያው ነው» አሉኝ። ከዚያ ፖሊሱ ከምባትኛ የማይሰማ መሆኑን እያወቁም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም ትቻለሁ። ቤቴ ቅቤ እየበላሁ ለእሷ ደረቅ ቆጮ ማምጣት አቃተኝ።»

አንጀቴን በሉት። መሶቡን ይዤ ስገባ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። አንድ ሰው ለብቻው የሚበላበት ክፍል አልነበረምና ተመካክረን ሁላችንም ተውን፤ ለቤተሰቦቻችንም ወተትና ቅቤ እንዳይልኩ አስነገርን። ከእትዬ በቀር ሁላችንም ጴንጤ ነን፤ እሷ ኦርቶዶክስ ናት። ረቡዕና ዓርብን ለብቻዋ ስትጾም እኛ ቅቤ የተቀባውን በፊቷ እንበላ ነበር። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

«እግዚአብሔር ሥራው አያልቅም» ትለናለች ቆጮውን እየቆረሰች። «ሰባት ጴንጤ ሁዳዴ አስያዘልኝ።»

ሳቅን። ከታሰርን ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ይመስለኛል። ልጁ እያለቀሰ እኛ እንስቃለን፤ እናቱም ጭምር። እውነቱን ለመናገር ያ ክፍል ይናፍቀኛል። ለሰው አልናገረውም፤ ታሞ የዳነ ሰው በሽታው ናፈቀኝ እንደሚል ይሆንብኛል። የምንዘረጋው የላስቲክ ጨርቅ፣ የስምንት ሴቶች እጅ ባንድ ሳህን ላይ፣ ለአራሷ ትልቁን ድንች የምትገፋላት እጅ የማን እንደሆነች እንኳ ሳይታወቅ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ሆኜ በልቼ አላውቅም።

ልጁ ግን ቶሎ አልተሻለውም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ አምስት ቀን። በየቀኑ ጨርቁን ፀሐይ ላይ እናያለን፣ ንፍጡ አለ። ስድስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አራሷ ተነሳች። ልጁን እትዬ እጅ ላይ አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች።

«ልነግራቸው ነው» አለች።

ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ልጁ የእሷ፣ ባሉም የእሷ። እንዳትናገር ብዬ የምከለክላት እኔ ማን ነኝ? ደግሞ አንዴ ያዘዝኳት ይበቃል።

እትዬ ልጁን እያባበለች ቀና ሳትል «ርቦታል» አለቻት። «አጥቢውና ሂጂ። በሩ የትም አይሄድም።»

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና አጠባችው። ሲጨርስ ሁላችንም ሳንነጋገር ሩብ ሰዓቱን መጠበቅ ጀመርን። ሩብ ሰዓቱ መጣ። ልጁ እግሩን ዘረጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው አዛጋ፣ ተኛ። ዝናቡ መጥቶ ቆርቆሮውን ደበደበው፣ አልነቃም። እንቀበልሽ ብንላት አልሰጥም አለች፤ እግሯ እስኪደነዝዝ እንዳቀፈችው ተቀመጠች።

«ሲነቃ እሄዳለሁ» አለች።

ሲነቃ የእራት ምግብ ደርሶ ነበር። ስለ በሩ ያኔም፣ ከዚያም በኋላ አላነሳችም።

አሥራ አምስተኛው ቀን ነርሷ መጣች። ሚዛኑን በረንዳው ላይ ካለው እንጨት አንጠለጠለችው፤ ልጁን ጨርቁ ውስጥ አስገብታ ለቀቀችው። ቀስቱ ተወዛውዞ እስኪቆም አራሷ ክንዴን ይዛ ነበር፤ የጥፍሯ ምልክት ማታ ስተኛም አልጠፋም። ነርሷ አንዴ አነበበች። አውርዳ ደግማ ሰቅላ አነበበች።

«ጨምሯል» አለች። «በደንብ ጨምሯል።»

ኃላፊው ሚዛኑን ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ በክፍሉ ስም የምናገረው እኔ ስለነበርኩ። «ምን ሰጣችሁት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ አልመለስኩም። አራሷ ልጁን ከነርሷ ተቀብላ፣ በዚያች በጥቂቷ አማርኛዋ፣ «ለእሱ ምንም አልሰጠነውም» አለችው። «የምበላውን የተውኩት እኔ ነኝ።»

«ጥሩ» አላት። ድምፁን እንደ ልማዱ ዝቅ አደረገ። «ባልሽስ የት ነው?»

በረንዳው ደረጃ ላይ፣ እግሩ ሥር ማለት ይቻላል፣ ተቀመጠች። ሹራቧን ከፈተች፣ ጡቷን አወጣች፣ ልጁን አስጠጋችው። ልጁ መጥባት ጀመረ፤ የአጠባቡ ድምፅ ይሰማል። በእኛ አገር የምታጠባ ሴት ፊት ወንድ ቆሞ ጥያቄ አይጠይቅም። እሱም እዚሁ ነው ያደገው። መጀመሪያ የያዘውን ወረቀት አየ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ነርሷ ሚዛኗን ስትሰበስብ አየ። ጆሮው ቀላ። በመጨረሻ ለፖሊሱ «አስገቧቸው» ብሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ፖሊሱም የሰው ልጅ ነው፤ አላጣደፈንም። ልጁ እስኪጠግብ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን።

እኔን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፈቱኝ። ስወጣ ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ቃላት አጣሁ፤ እሷ ግን ገብቷት ኖሮ «ቲቸር፣ ለሁለተኛው ልጄ ማንንም አልጠይቅም» አለችኝና ሳቀች። እሷ ከእኔ በኋላ ነው የተፈታችው፤ ልጁን አዝላ ወጣች ብለው ነገሩኝ። ልጁ ከእሷ ተለይቶ ያደረበት ቀን የለም።

አሁንም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የወለዱ ባልደረቦቼ ምን እንብላ፣ ምን እንተው ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም ብሉ እላቸዋለሁ፤ ልጁ ካስቸገራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አስተማሪ አትጠይቁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ በዚያ ጊቢ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ፤ አንዳንዱ ጥሩ መልስ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የመለሰችውን የሚያህል ግን አንድም አልመለስኩም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አማትየው ስልክ ደወሉልኝ። እንደ ድሮው «ቲቸር» ይሉኛል። ልጁ አንደኛ ክፍል ገባ አሉኝ። ስለ አባቱ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ማን አደረሰው ብዬ ጠየቅኋቸው። በከምባትኛ፣ ቃሉን ረጋ አድርገው፣ «አባቱ ነዋ» አሉኝ። «እጁን ይዞ ወሰደው።»